ሲሶ መጽሐፍ

አንድ ነበር መጽሐፉ፣ ሦስት ነበርን እኛ፤
ቢላው ሽንኩርት ሸቷል፣ ፍርዱ ግን እውነተኛ፦
ፊቱን ለእታገኝ፣ መሀሉን ለእኔ፣
ጭራውን ወሰደች ባንቺአምላክ፣ የጎኔ።
እንደ ሲሶ መሬት ተካፍለን ስናርስ፣
ሰኞ ሰኞ ነበር ድንበሩ የሚፈርስ፤
እታገኝ ለእኔ፣ እኔ ለባንቺአምላክ፣
እንደ ዕቁብ ዕጣ ፊዚክስ ስንላላክ።

ኪራይ ቤታችን ደብረ ሲና፣ ከመናኸሪያው ጓሮ፤
ሌሊት የአይሱዙ ጩኸት፣ ቀን የቆሎ ሻጭ እሮሮ።
አምፖሉ የአከራይ ነው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይጠፋል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ኒውተን በሻማ ያልፋል።
እሑድ ከየቤታችን የተሸከምነው ስንቅ
በሶውም፣ ዳቦ ቆሎውም ሐሙስ ነው የሚያልቅ።
ሐሙስን ግን እወዳለሁ፣
ሒሳብ በባዶ ሆድ ይገባል እላለሁ፣
እዋሻለሁ።

ኋላ፣ በጥር፣
የባንቺአምላክ አባት ወደቁ ከክምር።
“ሁለት ሳምንት” ብላ ወጣች ወደ መዘዞ፤
ከረጢቷም ሄደ የመጽሐፉን ጭራ ይዞ።
ሁለት ሳምንቱ ወር ወለደ፣ ወሩም ሌላ ወር፤
በእጄ የቀረው መሀል ነው፣
መጨረሻ የሌለው ነገር።

ሰው በስልክ ፍቅር ያወራል፤ እሷ ምዕራፍ ታነብልኛለች፣
ኔትወርክ ካለበት ጉብታ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ወጥታለች።
እንግሊዝኛው በእሷ አፍ የመንዝ ሰው ይመስላል፤
ነፋሱ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ይመልሳል።
“ጻፊ” ትለኛለች። “ክብ ሳይ።
ከክቡ ውጪ፣ ከላይ፣
ቀስት አለ፣ ወደ ቀኝ የዞረ።”
“በየት በኩል ቀኝ?”
“በመዘዞ በኩል!” አለች፤ ሳቋ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።
“ፍሉክስ” ትላለች እሷ፣ “ፍሉክስ” እላለሁ እኔም፤
ቃሉን እንጂ ነገሩን ሁለታችንም አናውቀውም።

“ፎርም ሞልተሻል አይደል?” አልኳት አንድ ሌሊት።
ዝም አለች። ነፋሱ ብቻ መለሰ፣ ከጉብታው አናት።
ከዚያ፣ “ጥያቄ አሥራ አንድ፣” አለች፣ “ይቺ ነች ተንኮለኛ።”
ጻፍኩ።
እንዲህ ነው ነገሩ፣ ሲደብቅ ጓደኛ።

በሐምሌ አውቶቡስ መጣ፤ ዳገቱን፣ ወደ ደብረ ብርሃን፤
ስልክ ክልክል፣ መጽሐፍ ክልክል፤ ብርድ ልብስና ላጲስ ይዘን።
እታገኝ በየኩርባው ላስቲክ ታቅፋ ታስመልሳለች፤
በየመሀሉ ቀና ብላ “ምዕራፍ ሁለት ምን ነበር?” ትላለች።
ጣርማበር ላይ ጉም ነበር፣ እንደ እርጎ የረጋ፤
ዋሻው ዋጠን፣ ተፋን፤ ወዲያም አልነጋ።
መዘዞ መገንጠያው ላይ መስኮቱን በእጄ ወለወልኩ፤
አንዲት ልጅ ቆማለች፤ እሷ ትሁን አትሁን አላወቅኩ።
እጄን ግን አነሳሁ።

ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፣ ክብ ማጥቆር ያቅታል፤
የፈታኙ ጫማ ብቻ ረድፍ ለረድፍ ይሰማል።
ጥያቄ ሠላሳ አራት። ክብ። ከውጪው ቀስት።
በሕትመት አይቼው አላውቅም፤
የእኔው ጠማማ ነው፣ ጨለማ የዳሰሰው፣ ሰም የፈሰሰበት።
ይሄኛው ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ ሰው ያልተነፈሰበት።
ቀስቱ ዞሯል።
በየት በኩል ቀኝ?
በመዘዞ በኩል።
ሳቄ አመለጠኝ፤ ፈታኙ ዞሮ አየኝ።
ሦስተኛዋን ክብ አጠቆርኩ። ልክ ትሁን አትሁን፣ እንጃ።

ስንመለስ ከበሩ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣
የመጽሐፉ ጭራ ቆየን፣ ከገበያተኛ ጋር ተልኮ።
ከዳሩ በእርሳስ ጽፋለች፦
“አንድ ላይ ስፉት፣ ለሚመጣው ተማሪ።”

ሰፋሁት። በጆንያ ክር፣ በወፍራም መርፌ።
ለዚያው ገበያተኛ ሰጠሁት፣ በላዩ እንዲህ ጽፌ፦
ባንቺአምላክ፣
ምዝገባው መስከረም ነው፤
ሙሉ ነው አሁን፣ ያንቺ ነው።
መሀሉ ላይ የሻማ ጠብታ አለ፤
እንዳትፍቂው፣
ከሥሩ ቀመር አለ።